የባሕር ዳሩ ጣቢያ፦ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ታሪክና የእኛ ድርሻ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ነው። ጣቢያው የሚገኘው በኢትዮጵያ ምድር አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣባት፣ ከኮራል ድንጋይ በተሠራች የባሕር ዳር ከተማ ነው። ሆኖም የዚያን ጣቢያ ታሪክ ሳያውቁ የዘመናዊቷን ኢትዮጵያ ታሪክ ማወቅ አይቻልም። የደጋው ቡና ወደ ዓለም የወጣው፣ የዓለም ጨርቅና መኪና፣ ደብዳቤና መሣሪያ ወደ ደጋው የገባው ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያ ጣቢያ በኩል ነው። ንጉሥ በክብር ያለፈበትም፣ በስደት የወጣበትም እሱ ነው።

ላስረዳችሁ የምፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው። የጅቡቲን ጣቢያ የሠሩት፣ ያስፋፉትና በመጨረሻም የዘጉት መንግሥታትና ኩባንያዎች ናቸው። በሕይወት ያቆየው ግን ስሙ በአንድም ውል ላይ ያልሰፈረ ሕዝብ ነው። ታሪኩ ሲነገር የምንሰማው የፈራሚዎቹን ስም ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ የሌሎቹንም ድርሻ አብረን እንመልከት። ዓመቶቹን የምጠራው በራሳችን አቆጣጠር ነው።

ጅቡቲ ከተማ ሳትሆን በፊት በዚያ የባሕር ዳርቻ ስማቸው የገነነ ወደቦች ሌሎች ነበሩ። የሐረር ቅፍለት የሚወርደው ወደ ዘይላ ነበር። የሸዋው ንግድ ደግሞ ታጁራን ያዘወትር ነበር። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የሰፈሩት ከታጁራ ሰላጤ በስተሰሜን በምትገኘው ኦቦክ ነው። ኦቦክ ግን ለመርከብም ለነጋዴም አልተመቸችም። ስለዚህ በ1880 ዓ.ም. ገደማ አገረ ገዢው ሌኦንስ ላጋርድ ዓይኑን ወደ ደቡቡ ዳርቻ ጣለ። ቦታው መርከብን ከነፋስ የሚከልል ነው፤ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ሥር ሲቆፈር ውኃ ይገኛል፤ ወደ ሐረር የሚወስደውም መንገድ ከታጁራ ይልቅ የቀና ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አስተዳደሩ ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ። ከተማዋ ያን ጊዜ ገና ጎጆና መጋዘን ነበረች። ከተማ ያደረጋት ሐዲዱ ነው።

የሐዲዱ ሐሳብ የመጣው ከደጋው ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በምኒልክ ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ ባቡር እንዲገባም ደጋግሞ ይወተውት ነበር። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና ፈቃድ ሰጡት። ውሉ መስመሩን በሦስት ከፍሎታል፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ አባይ ነበር። የሦስተኛው ክፍል ሐሳብ በወረቀት ቀረ፤ ነገር ግን የምኒልክን የምኞት ስፋት ያሳያል። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያውን አቋቋመ፤ በፈረንሳይ ግዛት ለማለፍ ከፓሪስ ፈቃድ ተገኘ፤ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅቡቲ ላይ ሥራው ተጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጣቢያው ጠባይ የተወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። የተመረጠው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ነው። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ላይ ለመጠማዘዝ ይመቻል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎች ከእንጨት ፋንታ ከብረት ተሠሩ፤ ምስጥ እንጨቱን አያስተርፍምና። ድልድዮቹም፣ ሐዲዱም፣ ባቡሩም፣ የሚነዳበት የድንጋይ ከሰልም በመርከብ መጥተው ጅቡቲ ላይ ይራገፉ ነበር። ትልልቅ መርከቦች ከዳርቻው ራቅ ብለው ስለሚቆሙ ያ ሁሉ ብረት በጀልባ እየተመላለሰ፣ በሰው ትከሻ ላይ እየተጫነ ወደ የብስ ወጣ። ገና ጣቢያ የሚባል ነገር ሳይኖር የጣቢያው ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው፤ የየመን አረቦች፣ ሶማሌዎች፣ አፋሮች፣ ከደጋ የወረዱ ኢትዮጵያውያን፣ ከአውሮፓ የመጡ ግንበኞችና አንጥረኞች።

ከጅቡቲ እንደወጡ ምድሩ ጥቁር ድንጋይና ደረቅ ሸለቆ ነው። በሆልሆል ሸለቆ ላይ የተዘረጋው የብረት ድልድይ ከመስመሩ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ከዚያ አሊ ሳቢህ፣ ከዚያ ደወሌ፣ ከዚያ አይሻ እያለ ይቀጥላል። መሬቱ የኢሳ አርብቶ አደሮች ነው። ኢሳዎች በቅፍለት መንገዱ ላይ ግመል በማከራየት፣ መንገድ በመምራትና በማጀብ ኑሯቸውን ይደጉሙ ነበር። ባቡሩ ያንን እንጀራ ሊወስድባቸው እንደመጣ አልጠፋቸውም። በግንባታው ሰፈሮች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ደም ፈሰሰ። በአውሮፓ ጸሐፊዎች ዘንድ ይህ ነገር የሽፍትነት ታሪክ ተደርጎ ነው የሚነገረው። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ አገሩ የራሱ የሆነ ሕዝብ ሳይጠየቅና ሳይካስ ሥራው በላዩ ላይ ሲያልፍ የሚያደርገውን አደረጉ። ይህን ማወቅ ለዛሬውም የባቡር ሥራ ይጠቅማል።

በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣት ግን አልቻለም፤ ዳገቱ ከባድ፣ ወጪውም ከኩባንያው ዐቅም በላይ ነበር። ስለዚህ በቆላው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ ድሬዳዋ። ጅቡቲና ድሬዳዋ የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው። አንዷ በባሕሩ ጫፍ፣ አንዷ በተራራው ሥር ሆነው ያደጉት እርስ በርስ እየተመጋገቡ ነው። የጥንቷ ዘይላ ደግሞ ቅፍለቷ ተቋርጦባት ቀስ በቀስ ደበዘዘች።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ ክርክር እንምጣ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለግል ኩባንያ ነው እንጂ ለፈረንሳይ መንግሥት አልነበረም። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን መግዛት ጀመሩ። ፈረንሳይ ሐዲዱ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅ ሠጋችና በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋዋለች፤ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ልትሰጥ፣ በምትኩም በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን ልትይዝ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሩን ንጉሠ ነገሥት የጠየቃቸው አልነበረም። ምኒልክ በጣም ተቆጡ። በዓድዋ ድል ነፃነታቸውን ያስከበሩ ንጉሥ በሐዲድ በኩል የውጭ መንግሥት እጅ ሊገባባቸው እንደሆነ አዩ። ሐዲዱ ከድሬዳዋ አልፎ እንዳይሄድ ያዙት። በመኳንንቱም ዘንድ ባቡር የባዕድ ጦር መግቢያ ይሆናል የሚል ሥጋት ነበር፤ ያም ሥጋት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን የተጽዕኖ ክልል አድርገው የሚከፋፍሉበትን ስምምነት ሲፈርሙ የባቡሩ ጉዳይ ከዋና ዋናዎቹ አንቀጾች መካከል ነበረ።

የመጀመሪያው ኩባንያ በዚያው ዘመን ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደረገና ፈቃዱ በምኒልክ ሐኪም በጓድሎፑ ተወላጅ በዶክተር ቪታልየን ስም ተሰጠ፤ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያም ተቋቋመ። ሥራው እንደገና ተጀምሮ፣ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ፣ በ1909 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ በጅቡቲ ምድር ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባቡሩ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ምኒልክ የጀመሩትን ሥራ ፍጻሜ ሳያዩ ከአራት ዓመት ገደማ በፊት ዐርፈው ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣

ጣቢያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ምን ይመስል ነበር? በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንደኛውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ሦስት ቀን ዛሬ ረጅም ይመስላል፤ በቅፍለት ሳምንታት ለፈጀበት ነጋዴ ግን ተአምር ነበር። ከደጋ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ነው። ከባሕር የሚወጣው አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ፣ ላምባ፣ ሲሚንቶ፣ ማሽንና የጦር መሣሪያ ነው። ሐዲዱ እስከ ወደቡ ይዘልቅ ስለነበር ፉርጎው ከመርከቡ ጭነት ጋር እዚያው ይገናኛል። ቡናው ከፉርጎ ወርዶ ይመዘናል፤ ጆንያው እንደገና ይሰፋል፤ ከዚያ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ መርከብ። ከሐረርጌ ቡና ለቃሚ እጅ እስከ ማርሴይ መጋዘን ድረስ ካለው መንገድ ትልቁ ልፋት የነበረው በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ደብዳቤም ያለፈው በዚያ ነው። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ የራሷ ቴምብር ከድንበሯ ውጭ ዋጋ አልነበረውም። ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የምኒልክ ምስል ያለበት ቴምብር ተለጥፎበት ቢወጣም የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ተጨምሮበት ካልሆነ ወደ መርከብ አይገባም። ዛሬ ቴምብር ሰብሳቢዎች እነዚያን ባለ ሁለት ቴምብር ፖስታዎች በውድ ዋጋ ይፈልጓቸዋል። የአንድ አገር ነፃነትና ጥገኝነት ጎን ለጎን ተለጥፈው የሚታዩበት ሰነድ ነው።

ሰዎችንም እናንሳ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ከመሳሰሉ መኳንንት ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በባቡር ጅቡቲ ወርደው ነው መርከብ የተሳፈሩት። በኢየሩሳሌም ሲያልፉ ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ወጣቶች ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩና ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። በታሪካችን ዐርባ ልጆች ተብለው የሚታወቁት እነዚያ ወጣቶች ናቸው። ከባሕር ወርደው በዚሁ ሐዲድ ወደ ደጋ ወጡ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የብሔር መዝሙር ዜማ ደረሰ። የዘመናዊው ኦርኬስትራችን ታሪክ ሲነገር መነሻው ላይ ይህ ጉዞ አለ። ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ በጫኑበት በ1923 ዓ.ም. በዓል ጊዜም ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከኢጣሊያ የኡዲኔ ልዑል፣ ከብዙ አገሮችም ጋዜጠኞችና መልእክተኞች ጅቡቲ ወርደው በባቡር ወጥተዋል። አዲስ አበባ እንግዶቿን የተቀበለችው በ1922 ዓ.ም. በተመረቀው በለገሀር ጣቢያ ነው። ለገሀርንና የጅቡቲን ጣቢያ ለያይቶ ማየት አይቻልም፤ በአንዱ የተሸኘ በሌላው ይቀበሉታል።

ከሁሉ ይልቅ የጣቢያውን ስም ከታሪካችን ጋር ያቆራኘው ግን ሐዘን ነው። በ1927 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ሚኒስትር ላቫል ሙሶሊኒን ለማባበል ባደረገው ስምምነት ከባቡሩ ኩባንያ አክሲዮን ለኢጣሊያ ተሰጠ። ወረራው ሲቃረብ ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ የሚመጣውን መሣሪያ በጅቡቲ በኩል ማሳለፉን አጠበበች። አንድ አገር ሌላ የባሕር በር ከሌላት፣ የበሩ ቁልፍ በሰው እጅ ሲሆን ምን እንደሚደርስባት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም። የማይጨው ጦር ተፈታ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ ሰባቸውና ከመኳንንቶቻቸው ጋር በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡ። ሚያዝያ 26 ቀን ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሐይፋ አቀኑ። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያም በሰኔ ወር በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት አቤቱታ መጣ። ከአዲስ አበባ በወጡ በሦስተኛው ቀን የኢጣሊያ ጦር ዋና ከተማዋን ያዘ።

ይህን ጉዞ በሚመለከት እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ መሄድ ነበረባቸው ወይስ አገር ውስጥ ቀርተው መዋጋት? እኔ ክርክሩን እዚህ አልፈታውም። ስለ ጣቢያው ግን አንድ ነገር አስታውሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ በጅቡቲ አልመጡም። ከሱዳን ተነስተው በኦሜድላ በኩል፣ በጎጃም አርበኞች ታጅበው ነው የገቡት። ያ ጊዜ የጅቡቲ በር ለኢትዮጵያ የተዘጋ ነበርና።

ለምን ተዘጋ? ፈረንሳይ በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ የጅቡቲ አስተዳደር ለቪሺ መንግሥት ታማኝ ሆኖ ቀረ። እንግሊዞች ከተማዋን በባሕርም በየብስም ከበቧት። ባቡሩ ቆመ። የባቡር ከተማ የሆነች ከተማ ባቡሯ ሲቆም ምን እንደምትሆን ያን ጊዜ ታየ፤ ሕዝቡ ተራበ፤ ከየመን በጀልባ ተደብቆ በሚመጣ እህል ነፍሱን አቆየ። በ1935 ዓ.ም. የነፃ ፈረንሳይ ኃይሎች አስተዳደሩን ሲረከቡ ነው በሩ የተከፈተው።

ከጦርነቱ በኋላ ሐዲዱ ወደ ኩባንያው ተመለሰ። በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡሮች ከስዊስ መጡና የእንፋሎቱ ዘመን ማብቃት ጀመረ። ይህ ለጣቢያዎቹ ትልቅ ለውጥ ነበር። የእንፋሎት ባቡር በየመንገዱ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ በዚያ ደረቅ ምድር ደግሞ ውኃ ከከሰል ይልቅ ይወደዳል። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተፈረመ ውል ኩባንያው የኢትዮጵያ ሕግ የሚገዛው ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ አክሲዮኑም ለሁለቱ መንግሥታት እኩል ተከፈለ። ምኒልክ የተቆጡበት ጉዳይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በከፊል ምላሽ አገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ውሉ በተስተካከለበት ዘመን ሥራው ቀነሰ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ተከፍተዋል። ወደ አሰብ የሚወስደው የደሴ መንገድ በጭነት መኪና ይጨናነቅ ጀመር። የጅቡቲ ጣቢያ ከዋና በርነት ወደ ሁለተኛ በርነት ወረደ።

ስለ ሠራተኞቹም ልናገር። ባቡሩ የራሱ ኅብረተሰብ ነበረው። መካኒኩ፣ ነጂው፣ ሐዲድ ጠጋኙ፣ የጣቢያ ኃላፊው በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአረብኛና በፈረንሳይኛ ይግባባ ነበር። የሥራ መዝገቡና ትእዛዙ በፈረንሳይኛ ስለነበረ ድሬዳዋ ላይ ያደገ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ከቤቱ ደጅ ፈረንሳይኛ ይለምድ ነበር። ከኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበራት ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የተመሠረተው በ1930ዎቹ መጨረሻ በእነዚሁ የባቡር ሠራተኞች ነው። መብትን ለመጠየቅ መደራጀትን ለአገሩ ካስተማሩት መካከል ናቸው።

በ1969 ዓ.ም. ሰኔ ወር ጅቡቲ ነፃ ወጣች። በዚያው ሰሞን የኦጋዴን ጦርነት ተቀጣጠለና የባቡር ድልድዮች ፈረሱ፤ መስመሩ ለረጅም ወራት ተቋረጠ። አዲሲቷ አገር በተወለደችበት ወቅት ከዋና ዋና የገቢ ምንጮቿ አንዱ ቆመባት። በዚያው ዘመን ከጦርነቱና ከቀይ ሽብር የሸሹ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ወደ ጅቡቲ ገቡ፤ ከመጠለያዎቹ አንዱ የተተከለው በባቡሩ መስመር ላይ በምትገኘው በአሊ ሳቢህ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል የስደታቸውን መንገድ ሲያወሩ ጅቡቲን የሚጠሩት ጥቂት አይደሉም። በ1973 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ባቡሩን በጋራ የሚያስተዳድሩበትን ውል ፈረሙ። በድሬዳዋ ጣቢያ ግንባር ላይ የተጻፈው የጅቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሚለው ስም የዚያ ዘመን ነው።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳልኋችሁ ሕዝብ እንመለስ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መስመሩን በሕይወት ያቆዩት ሦስተኛ ማዕረግ የሚሳፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ የሚበዙት ሴት ነጋዴዎች ነበሩ። ከድሬዳዋ ሲወርዱ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጫት ይይዛሉ። ጅቡቲ አትክልት የሚበቅልበት መሬት እምብዛም የላትምና የከተማዋ ገበያ እነሱን ይጠብቃል። ሲመለሱ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ ራዲዮና የሕፃን ወተት ይዘው ይሳፈራሉ። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው፣ ጨርቅ በወገባቸው ጠምጥመው፣ ሌላውን ዕቃ ከመቀመጫው ሥር ሸሽገው ሙሉ ቀን በዚያ ሙቀት ይጓዛሉ። ደወሌ ላይ የጉምሩክ ፈታሾቹ ፊናንሶች ይገባሉ። ፍተሻው፣ ልመናው፣ ክርክሩ፣ ዕቃ የተወረሰባት ሴት ለቅሶ የሳምንት የሳምንት ነገር ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ ሊገባ ዳገቱ ላይ ሲያዘግም በመስኮት የሚወረወር ጥቅልና ከታች ሆኖ የሚቀልብ ዘመድ ይታይ ነበር።

መንግሥት ይህን ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ ሕጉም እንደዚያ ይላል። እኔ ሕግ ይጣስ አልልም። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች በዚህ ንግድ ልጅ አሳድገዋል፣ ቤት ሠርተዋል፣ ድሬዳዋን ከችግር አውጥተዋል። ቲኬት እየቆረጡ ባቡሩን ያቆዩትም እነሱ ናቸው። በባቡሩ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የገዢዎችና የመሐንዲሶች ስም ገጽ ሲሞላ የእነሱ ስም የለም።

ስለ አደጋውም ዝም አልልም። በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ባቡር አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋው እየተባለ ይጠቀሳል። የሞቱት በአብዛኛው ስለ እነሱ እየተናገርኩ ያለሁት ዓይነት መንገደኞች ናቸው።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ በር ተዘጋ። የኢትዮጵያ ጭነት ከሞላ ጎደል ሁሉ እንደገና ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጅቡቲ ጣቢያ ትልቁ ዕድሉ በመጣበት ሰዓት ግን ዐቅም አልነበረውም። ሐዲዱ አርጅቷል፣ መለዋወጫ የለም፣ ጥገናው ለዓመታት ተዘንግቷል። ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው፤ በጋላፊ በኩል ያለው የአስፋልት መንገድ ሌት ተቀን ተጨናነቀ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ባቡር ቆመ። በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል እየተቋረጠም ቢሆን ጥቂት ዓመት ተንገታገተ። ከዚያ ያም ቀረ። በመንገዱ ላይ የነበሩት ትንንሽ ከተሞች የሳምንት ገበያቸውን፣ የውኃቸውን፣ የዜናቸውን ምንጭ በአንድ ጊዜ አጡ።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ መስከረም ላይ በኢትዮጵያ፣ ጥር ላይ በጅቡቲ። የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት ይህ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐዲዱ ሰፊ፣ ፍጥነቱም ብዙ እጥፍ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። በጅቡቲ በኩል የመንገደኛ ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በናጋድ ተሠርቷል። በኢትዮጵያም ብዙዎቹ ጣቢያዎች ከከተማ ርቀው ነው ያሉት። ይህ ሥራ ትልቅ ነው፤ የሚገባውን ምስጋና እሰጠዋለሁ። ለጭነት ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የድሮው ጣቢያ ታሪክ የሚያስጠነቅቀን ነገር አለ። ከከተማ የራቀ ጣቢያ ኮንቴይነሩን ይጠቅማል እንጂ ዕቃዋን በትከሻዋ ተሸክማ የምትመጣውን ነጋዴ አይጠቅምም። የድሮዎቹ የመንደር ጣቢያዎችም በአብዛኛው ከአዲሱ መስመር ውጭ ቀርተዋል።

ስለዚህ ፍርዴን በግልጽ ላስቀምጥ። የድሮው ባቡር የወደቀው ጠባብ ስለነበረ ወይም ስላረጀ ብቻ አይደለም። ባለቤቶቹ ገቢውን ሲካፈሉ ጥገናውን ስላልተካፈሉ፣ የሚሳፈርበትን ሕዝብም እንደ ባለመብት ሳይሆን እንደ ችግር ስላዩት ነው። አዲሱ ባቡር ከዚህ ካልተማረ የእሱም ዕጣ ከዚያ አይለይም።

ከእናንተ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባና በጅቡቲ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችና ነጋዴዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የምታውቋቸው ካሉ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ ቃላቸውን ቅረጹ፤ ፎቶግራፋቸውን፣ የሥራ መታወቂያቸውን፣ የድሮ ቲኬታቸውን አስቀምጡ። የታሪክ ክፍል ያላችሁ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻችሁን ወደነሱ ላኩ።

ሁለተኛ፣ የድሬዳዋው ጋራዥ፣ በውስጡ ያሉት የድሮ ባቡሮች፣ በመስመሩ ዳር የቀሩት ጣቢያዎችና በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፉት መዛግብት ለቁራጭ ብረት ገበያ ወይም ለምስጥ መተው የለባቸውም። የሁለቱ አገሮች መንግሥታት በጋራ የሠሩትን በጋራ ሊጠብቁ ይገባል። የባቡር ሙዚየም ቢቋቋም ከሁለቱም ወገን ጎብኚ አያጣም።

ሦስተኛ፣ አዲሱን ባቡር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ከጭነቱ ጎን ለጎን መንገደኛውን ያስቡ። ከከተማ ወደ ጣቢያ የሚያደርስ ርካሽ መጓጓዣ፣ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሆን ቲኬትና ግልጽ የጉምሩክ ሥርዓት ቢዘጋጅ ሕዝቡ ራሱ ባቡሩን ይጠብቀዋል።

ጅቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ ሐዲድ ከተሳሰሩ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ያንን ትስስር የጻፉት መንግሥታት ናቸው፤ የኖሩት ግን ሰዎች ናቸው። ስማቸውን የምንጽፍበት ጊዜ አሁን ነው፤ እስኪያልፉ ብንጠብቅ የምንጠይቀው አናገኝም።